ያሸው ጨው

ጅቡቲ ከተማ ምኒልክ አደባባይ ካለው ካፌ በረንዳ ላይ ቡልቻ ተቀምጧል። ለውጭ አገር አዳኞች ጉዞ የሚያሰናዳው ሩፋኤል ስልኩን ገፋለት። ባሌ ጫካ ውስጥ የተሰቀለች ካሜራ ትናንት ያነሳችው ፎቶ ነበር፤ ያረጀው አውራ አጋዘን ባዶ ድንጋይ ይልሳል። ቡልቻ ስካውት፣ የጫካው ጠባቂ ሳለ ለሰባት ዓመት ጨው ያስቀምጥለት የነበረው እዚያ ድንጋይ ላይ ነው። ወደ የመን ሊሻገር ጅቡቲ ከገባ አምስት ወሩ፤ እንስሳው ግን አሁንም ይመጣል።

«አዲሶቹ ስካውቶች ጨው ቢያስቀምጡለት ሸሸ» አለ ሩፋኤል። «ሊያድነው የሚመጣው ደንበኛዬ ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደርሳል። ምን ይሻላል?»

ቡልቻ ሐሙስ የሚሳፈርባት ጀልባ ትዝ አለችው። ባለፈው ሳምንት የሰመጠችውም።

«የሰው እጅ ይለያል፣ ጋሼ። እኔ ያሸሁት ካልሆነ አይቀምስም።»

«እንግዲያው አገርህ ትገባለህ፤ ሥራህም ይመለስልሃል።» ሩፋኤል በአጠገባቸው ከሚያልፍ ሻጭ አንድ ጓል የአሳል ሐይቅ ጨው ገዝቶ አቀበለው። «እስቲ እንዴት እንደምታሸው አሳየኝ።»

ቡልቻ ጨዉን በሁለት መዳፉ መሃል ያሽከረክረው ጀመር። ጨው ሲያሽ ሁልጊዜ ለአጋዘኑ የሚላት ቃል ሳያስበው ከአፉ አመለጠች።

«ና፣ አይዞህ፤ እኔ ነኝ።»