የጀሚል ጆሮ

አብዱልጀሊል የልጁን መምህር ከቅሬ፣ ከመንደሩ እድር፣ ሊያስወጣው ቆርጧል።

በእነሱ መንደር፣ ከከሚሴ ወረድ ብሎ ጨፋ ሜዳ ላይ፣ ከቅሬ የወጣ ሰው በቁሙ የሞተ ነው። እሳት አይጫርለትም። ሰርጉን የሚያደምቅለት፣ ሬሳውን የሚያነሳለት የለም። አብዱልጀሊል ይህን ሁሉ ለመምህር ኑርሁሴን ተመኝቶለታል። ሶላት ላይ ቆሞ ሳይቀር።

ነገሩ የልጁ የጀሚል ጆሮ ነው። ጀሚል ቤት ውስጥ ለብቻው ሲያናግሩት ይሰማል፣ ይመልሳል፣ ቀልድም ያውቃል። ሰው ሲበዛ ግን ይጠፋል። ሰንበቴ ገበያ፣ በከብቱና በነጋዴው ጩኸት መሃል፣ አባቱ ጉሮሮው እስኪነቃ ቢጠራው ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው። ክፍል ውስጥም እንዲሁ። አንድ ቀን ልጆቹ ሲንጫጩ መምህሩ ጠራው። አልመለሰም። ደግሞ ጠራው። ከዚያ በጥፊ አጮለው፤ ቀኝ ጆሮው ላይ።

እናቱ ሙሚና ልታናግረው ስትል መጀመሪያ ትከሻውን ትነካዋለች። ዳዴ ሲል ጀምሮ እንዲሁ ናት።

"ጀሚል እኮ ሳይመታም..." ብላ ጀምራ ነበር።

"ዝም በይ!" አብዱልጀሊል የተቀመጠበትን ዱካ በቀኝ እግሩ በእርግጫ አሽቀነጠረው። "ደግሞ የመቺ ጠበቃ ሆንሽ?"

ሙሚና ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አጣመረች። ሲቆጣ ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋለች።

አብዱልጀሊል ሄዶ መምህሩን ሼህ ሙሄ ዘንድ ከሰሰ። ሼህ ሙሄ ደም የተቃባ የሚያስታርቁ አበጋር ናቸው፤ ቃላቸው ከፖሊስ ፊት ይሄዳል።

"ልጁ ከጥንቱ ጤነኛ ነበር?" አሉት።

"እንዴታ! በሰባት ወሩ ተወለደ እንጂ ጤነኛ ነበር። እናቱን ቦርከና ወንዝ ውሃ ስትቀዳ አዳልጧት ነው። አላህ አተረፈው።"

"እንግዲህ እኔ የጆሮ አዋቂ አይደለሁም። ደሴ ወስዳችሁ አሳዩትና ኑ። እስከዚያ ግን ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነውና፣ ልብህን አብርድ።"

አላበረደም።

ደሴ ላይ የጆሮ ሐኪሟ፣ ፈይሩዝ የምትባል ወጣት፣ ጀሚልን ጸጥ ያለች ክፍል አስገብታ ማዳመጫ አደረገችለት። ቀጫጭኑን ፉጨት ሁሉ ሰማ። ከዚያ ብዙ ሰው የሚያወራበት ድምፅ ከፈተችና በመሃሉ አንዲት ሴት የምትለውን ድገም አለችው። ጀሚል ላብ አጠመቀው። አንድም ቃል አልደገመ።

"ጆሮው ደህና ነው፤ ቀኙም ግራውም" አለች። "ድምፁ ይገባል። ጫጫታ ሲበዛ ግን አንጎሉ የሚፈልገውን ከማይፈልገው መለየት ይቸግረዋል። ሐሳቡም ቶሎ ይበተናል። ያለጊዜያቸው በተወለዱ ልጆች ላይ ይህን ደጋግመን እናያለን፤ ካደጉም በኋላ። ስንት ወሩ ላይ ነው የተወለደው?"

"ሰባት" አለ አብዱልጀሊል ቀድሞ። "ከማማ ላይ ወድቃ። ማሽላ ስትጠብቅ።"

ሙሚና ቀና ብላ አየችው። ለሼሁ ቦርከና አዳለጣት ብሎ ነበር።

"ጥፊው አይደለም?" አለች።

"ልጅ መምታት ነውር ነው እታለም። ይህን ያመጣው ግን ጥፊ አይመስለኝም። ቀድሞ መወለዱ ነው።"

"ቀድሞ መወለዱ።"

"አዎ። ፊት ወንበር ይቀመጥ። አንድ ሰው ብቻ፣ ፊት ለፊቱ ሆኖ ያናግረው።"

ሲመለሱ አብዱልጀሊል ሚኒባሱ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ተነጫነጨ። "ሐኪም ናት አሉ! ጥፊውን ቆማ አይታለች?"

"አላየችም" አለች ሙሚና።

"ሼሁ ፊት ምን ትያለሽ?"

"የማውቀውን።"

"ጎሽ! አሁን ገና የኔ ሚስት ሆንሽ።"

ጁምዓ ከሶላት በኋላ መንደሩ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ሼህ ሙሄ ዘንድ ቅጣቱ ይቀድማል፣ ሰውየው ይከተላል። ከሳሽ የበዳይ ስም ሳይጠራ ፍርዱን ይናገራል፤ ጉባኤው አሚን ይላል፤ ከዚያ ተበዳይ ለምለም ሳር በበዳዩ እግር ሥር ያኖራል፤ ፍርዱም በዚያ ሰው ላይ ይጸናል። ለዘመድ እንዳይቀል፣ ለጠላትም እንዳይከብድ ነው። ከአሚን ወዲያ መመለሻ የለም።

"ሐኪሟ ምን አለች?" አሉ ሼሁ።

"ልጁ ተጎድቷል አለች" አለ አብዱልጀሊል።

መምህር ኑርሁሴን ብድግ አለ። "መትቼዋለሁ፣ አልክድም። አፉ በሉኝ።"

"ቁጭ በል፤ ስም አልተጠራም" አሉት። "እህ፣ አብዱልጀሊል፣ ፍርድህን ተናገር።"

አብዱልጀሊል ለዚህች ቀን ነበር የኖረው። ኩታውን አጣፍቶ ቆመ።

"ይህን ልጅ እንዲህ ያደረገ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከቅሬ ይውጣ! እሳት አይጫርለት! ሰላምታው አይመለስለት! የሞተ ቀን ቃሬዛ የሚይዝለት አይገኝ!"

ጉባኤው ተንጫጫ። ጀሚል ከጫጫታው መሃል የማንን አፍ እንደሚያይ ጠፍቶት ዓይኑን አቅበዘበዘ። ሙሚና ትከሻውን ነካችው።

"ከበደ፤ ይቅለል" አሉ ሼሁ።

"ወላሂ አይቀልም!"

"ሰውየው ቤተሰብ ቢኖረውስ?"

"ልጄን ሲጎዳ እሱ አሰበልኝ?"

ሼሁ ተነፈሱ። እጃቸውን ዘረጉ። "አሚን" አለ ጉባኤው። መምህሩም አንገቱን ደፍቶ፣ ከሁሉ በኋላ፣ አሚን አለ።

"ሳሩን ማን ያኑር?"

"እናቱ!" አለ አብዱልጀሊል። "አርግዛ የወለደችው እሷ አይደለችም?"

"ኮቱ፣ ነይ ሙሚና።"

ተነሳች። ሳሩን ከሼሁ እጅ ተቀበለች። መምህሩ ወደ እሱ ስትመጣ አይቶ እግሮቹን ገጠመ። አብዱልጀሊል ፈገግ እንዳለ ነው።

በመምህሩ ፊት አለፈች፤ አንድ እጇ ሆዷ ላይ እንዳለ፣ ጎንበስ ብላ ሳሩን ከባሏ ቀኝ እግር ሥር አኖረችው።