የታችኛው ሳጥን

መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጽሑፋቸውን የሚያስቀምጡበት አንድ ሶፍትዌር ይሸጣል። የሶፍትዌሩን መመሪያ ኢንተርኔት ላይ የሚጽፈው ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ነበር። ዘንድሮ ግን አዲሷ ሥራ አስኪያጅ ከየገጹ ግርጌ የአስተያየት ሳጥን አስከፈተች። «ተጠቃሚው ይናገር» አለች።

ተጠቃሚው ተናገረ። ራሱን «ተመልካች» ብሎ የሰየመ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ጻፈ። «ሁለተኛ አንቀጽ፣ መስመር ሦስት። የተባለው ቁልፍ እዚያ የለም። ይታረም።» ሁሌም ከሰዓት፣ ሁሌም «ይታረም»። ከሁሉ የሚያበሽቀው ደግሞ ሰውዬው ልክ ነው።

የመመሪያው ጸሐፊ የክፍል ኃላፊ ሊሆን አንድ ወር ቀርቶት ነበር። ሥራ አስኪያጇ አስተያየቶቹን አትማ ስብሰባ ላይ አንድ በአንድ አነበበቻቸው። «ሹመቱን እስቲ እናያለን» ብላ ወረቀቱን አጠፈችው። ከጠረጴዛው ማዶ መመሪያውን ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልሰው ተርጓሚ ሳቁን በእጁ ሸፈነ። ወንበሩን እሱም ይፈልገው ነበር።

አመሻሹ ላይ የጸሐፊው እናት ደወለችለት። ከማተሚያ ቤት ጡረታ ከወጣች ወዲህ የሟች ባሏን ደብተር፣ ቀለሙ ጨርሶ ሳይጠፋ፣ ልጇ በጫነላት ፕሮግራም እየገለበጠች ነው።

«እሁድ ትመጣለህ? ኮምፒውተሩ ላይ የምታሳየኝ ነገር አለ።»

«እመጣለሁ እማ።»

«መመሪያህን እኮ አነባታለሁ።»

«እሺ እማ።»

«ድምፅህ ምን ሆነ?»

«መሥሪያ ቤት አንድ ምቀኛ እግር እግሬን እየተከተለ እንጀራዬን ሊዘጋ ነው።»

«የት አባቱ! እንዳትተወው። ልኩን አሳየው!»

እሁድ አልሄደም። የተመልካችን አስተያየቶች ከተርጓሚው ኢሜይሎች ጋር ሲያስተያይ ዋለ። ተርጓሚው ከሰዓት ከሰዓት ላፕቶፑን ይዞ ሻይ ቤት ይቀመጣል። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ኮሪደር ላይ የጸሐፊውን የተዛነፈ የሸሚዝ ቁልፍ አይቶ «ይታረም!» አለው፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ!

በዚያው ቀን ለተርጓሚው አዲስ ላፕቶፕ ተሰጠው። ማክሰኞ ተመልካች ሳጥኑ ውስጥ ጥያቄ አስገባ፦ «ፋይሎቼን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ማዛወር እፈልጋለሁ። ገጹ አልገባኝም። ያለኝ አንድ ቅጂ ብቻ ነው።»

ጸሐፊው በሕይወቱ አንድም ሰው ሆን ብሎ አሳስቶ አያውቅም። እጁ ፊደሎቹ ላይ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ያ በእጅ የተሸፈነ ሳቅ ትዝ አለውና መጻፍ ጀመረ።

«ውድ ተመልካች፣ ‹ወደ መነሻው መልስ› የሚለውን ይጫኑ። ለሚመጣልዎት ጥያቄ ሁሉ ‹አዎ› ይበሉ። ፋይሎችዎ አዲሱ ላይ ይጠብቁዎታል።»

ያ ቁልፍ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ያጠፋል።

ረቡዕ ከሰዓት መልስ መጣ፦ «አመሰግናለሁ። የሚታረም የለውም።»

ጸሐፊው የራሱን ጽሑፍ ቶሎ ብሎ ከሳጥኑ አጠፋው። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ተነሥቶ ወደ ተርጓሚው ጠረጴዛ ሄደ። ተርጓሚው አዲሱ ላፕቶፕ ላይ እያፏጨ ይሠራል። «ገና አላወቀም» አለ በሆዱ።

ስልኩ ጮኸ። እናቱ ነበረች።

«እማ! ያን ሰውዬ ልኩን አሳየሁት!»

«እሰይ፣ የኔ ልጅ» አለች። «እኔ የምልህ... የአባትህ ጽሑፍ በቅርቡ የገዛሁት አዲሱ ኮምፒውተር ላይ አልመጣ አለኝ፤ ከአሮጌውም የለም። እኔና አንተ ብቻ በምንጻጻፍባት በታችኛዋ ሳጥን፣ ‹አንቱ› እያልክ ስታስቀኝ፣ የነገርከኝን አንድ በአንድ ነው ያደረግኩት።»