ሩዙ እስኪበስል

ኪኑኤ ባሏ ታሞባት ነበር። "ባሌን ማሩልኝ" ብላ ተራራው ላይ ካለው የኩማኖ ቤተ መቅደስ ወጥታ ለምና፣ በጥዱ ጫካ መሀል የድንጋይ ሽበት የወረሰውን ያረጀ ደረጃ ስትወርድ፣ ከታች ሽቅብ የሚመጣ ሰው አየች። ቶኪቺ ነው፤ ጠዋት ከፍራሹ ቀና ማለት አቅቶት ትታው የወጣችው ባሏ።

"አንተ ሰው፣ ማን ተነሣ አለህ?" አለችው።

"ተሻለኝ። አንቺ ደግሞ ወጥተሽ ቀረሽ፤ ኤሊ እንኳ ደርሳ ትመለስ ነበር።"

ሳቀች። ሳሉ ጠፍቷል፤ ዳገት እየወጣም አያለከልክም። ልመናዋ የሰመረ መሰላት።

"በል ና፣ አብረን እንውረድ።"

"የለም፣ እህትሽ ሩዙን ጥዳዋለች። ሳይበስል ደወሉን ደውዬ ልመለስ።"

በዚያ አገር፣ ልጆቼ፣ ሰው ሲሞት ከራስጌው የሚቀመጥ ሩዝ ይጣዳል። ሩዙ እስኪበስልም የሟቹ ነፍስ ተራራውን ወጥታ፣ ደወል ደውላ ትመለሳለች። ይህን ኪኑኤም ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች።

እጅጌውን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና ድምጿን ለስለስ አደረገች።

"ትንሽ አረፍ በል እንጂ፣ ቶኪቺ። ሩዝ እንደሆነ ቶሎ አይበስልም።"