አሥራ አራተኛው ቀረጻ

«አቁሚው፣ አቁሚው! አበላሸሁት» ይላሉ መምህሬ፤ ኮታቸው ላይ የሰካሁላቸውን ማይክ በእጃቸው ገጭተውት ነው። ካሜራውን አቆማለሁ። በልቤ ደስ ይለኛል፤ በተበላሸ ቁጥር ይረዝማልና።

አሥራ አራተኛው ትምህርት ነው፣ የመጨረሻው። ጠዋት የዲኑ ጸሐፊ ወደ ጥግ ሳብ አድርጋ አንድ ደብዳቤ አሳይታኛለች፤ ቀረጻው እንዳለቀ የሳቸው ውል ይቋረጣል፣ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ተማሪው ቪዲዮውን ያያል። ዐምና የጂኦግራፊ ክፍላችን ሲዘጋ «ገበያው አይፈልገውም» ተባለ። የቀረቻቸው ይቺ ለሁሉም የምትሰጥ አንዲት ኮርስ ነበረች። እኔም የዚያው ክፍል ምሩቅ ነኝ፤ ገበያው እኔንም አልፈለገኝም፣ ይኸው ዲግሪዬን ይዤ ካሜራ እገትራለሁ።

ተማሪ ሳለን «ጋሽ ጠመኔ» ነበር የምንላቸው፤ ከክፍል ሲወጡ ወፍጮ ቤት የዋሉ ነበር የሚመስሉት። ዛሬ ጠመኔም ሰሌዳም የለም፣ ከኋላቸው አረንጓዴ ጨርቅ ተወጥሯል። ግራ እጃቸው ግን አሁንም ጠመኔ ፍለጋ ኪሳቸውን ይዳብሳል። አንጀቴን ይበሉታል።

«ቲቸር፣ ዛሬ ቢያርፉስ? ሚሞሪው ሊሞላ ነው፣ ነገ እንጨርሰው» እላለሁ፣ ዐይኔን እያሸሸሁ።

«ውሸት ድሮም አይሆንልሽም» ይላሉ። «ፈተና ላይ ስትኮርጂም ፊትሽ ነበር የሚያሳብቅብሽ።»

እስቃለሁ።

«ደብዳቤውን አውቃለሁ፣ ልጄ። የመጀመሪያው ቀን ሲያስፈርሙኝ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን እሺ አሉ?»

«እምቢ ብል ሌላ ሰው አቁመው ያስነብቡታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩትን ሌላው ሲያነበንበው ከማይ፣ እኔው ራሴ ልቅበረው ብዬ ነው።» ማይኩን ያቃናሉ። «በይ፣ ክፈችው።»

እከፍተዋለሁ። ትምህርቱ ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ዝናብ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ስንት ዘመን ወደ ታች እንደሚጓዝ፣ ከሚሰርገው በላይ ሲቀዳ ጉድጓዱ እንዴት እንደሚነጥፍ። ወይ ሲያምርባቸው! ያ ጠባብ ክፍል አዳራሽ ይመስል ይንጎራደዳሉ፣ ከምስሉ እየወጡ ያስቸግሩኛል። አንዴም «ይቁሙ» አልላቸውም።

«ገባችሁ? ጥያቄ ያለው?» ይሉና ዝም ብለው ይጠብቃሉ።

ዝምታ ሁሉ ተቆርጦ ይውጣ የሚል መመሪያ አለብኝ። ጣቴ ማቆሚያው ላይ ነው፣ አልጫነውም። ዐሥር ሰከንድ ያልፋል፤ ሃያ ያልፋል። እሳቸው ይጠብቃሉ።

ከካሜራው ጀርባ እጄን አወጣለሁ።

ፊታቸው ፈካ ይላል። «እሺ፣ አንቺ።»

አፌን እከፍታለሁ። የምጠይቀው አንድም ነገር የለኝም፤ እንዳይሄዱብኝ ብቻ ነው።