የቅርብ ኔትወርክ

«ምን ይታይሻል?» አላት የኮምፒውተር ባለሙያው በስልክ።

«የሥራ አስኪያጁ በር።»

«እህቴ፣ ላፕቶፑ ላይ ነው የምልሽ!»

ዓይኗ ከበሩ አልነቀል ብሏት ነው። ሥራ አስኪያጁ በዚያ በር ሁለቴ ብቅ ብሎ፣ «የጨረታው ሰነድ እስከ ስድስት ሰዓት ካልተላከ ኮንትራትሽን እርሺው» ብሏታል። ሰው ጎድሎ ወደ ሰሚት ቅርንጫፍ ድንገት የተላከችው ዛሬ ነው። ጎህ ሲቀድ ባሏን ለመስክ ሥራ ወደ ጅማ ከሸኘች ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። ላፕቶፑን አራት ጊዜ አጥፍታ አበራችው፤ ዋይፋዩ ግን ወይ ፍንክች! እንባዋ መጣ።

«በቃ የቢሮውን ተዪው» አለ ባለሙያው። «የሚታዩሽን ስሞች አንብቢልኝ፤ ጎረቤት እንለምናለን።»

«ፋርማሲው... ፔንሲዮኑ...» ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «የናርዶስ አባት።»

«እሱ የሰው ስልክ ነው። ሲግናሉ እንዴት ነው?»

«ሙሉ ነው።»

«እንግዲያው ቅርብ ነው ያለው። ፈልጊውና የይለፍ ቃሉን ለምኚው።»

ማንንም አልለመነችም። የልጇን የናርዶስን የልደት ቀን ጻፈች፤ ላፕቶፑ ወዲያው ተገናኘ። ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀር ሰነዱ ተላከ።