የቢሻው የቆርቆሮ ወተት

«ወተት ነው! ያነሳሁት በወተት ነው!»

ቢሻው ይህን ሲጮህ ብረቱን ገና ከራሱ በላይ እንደያዘው ነበር...

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ጊዜው ሁዳዴ ነው።

የድንበሯ ከተማ የሸሕዲ ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

ነገሩ እንዲህ ነው... ዘመኑ ደርግ ነው። ቢሻውና ደምለው የሰሊጥ መጋዘን ጫኞች ናቸው። ከሥራ ሲወጡ የብረት ቧንቧ ጫፍና ጫፍ ላይ የትራክተር ቸርኬ ሰክተው ክብደት ያነሳሉ።

ያሸነፈ ሸሕዲን ወክሎ ጎንደር ይሄዳል ተባለ።

ለቢሻው ጎንደር ምኑም አልነበረም። የሱ ሐሳብ መንገድ ላይ ያለችው የእናቱ ከተማ፣ አይከል ላይ ነው። መኪናው እዚያ ሲቆም እናቱ ወጥታ በሰው ፊት እንድታየው... በቃ፣ ይቺን ብቻ።

«ጡንቻ የሚሠራው ወተት ነው» ይላል ቢሻው።

«ጥጃ ነህ እንዴ? ሽምብራ ብላ! ለውዝ ብላ!» ይላል ደምለው፣ ቆሎውን እየቆረጠመ። ጾም የሚገድፍ ሰው ስም ሲነሳ ሦስት ጊዜ ያማትባል።

ጾሙ ሲገባ ቢሻው ጨነቀው። በጓሮ በር እትዬ ውባንች ቤት ገባ። እሳቸው ከድንበር ማዶ በቆርቆሮ የሚመጣ የዱቄት ወተት እየበጠበጡ ይሸጣሉ።

«እትዬ... ለማንም እንዳይነግሩብኝ።»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ! ጠጣ።»

ቀመሰው። መረር ይላል።

«የዱቄት ወተት እንዲህ ነው እንዴ?»

«የሱዳን ነዋ!»

ዱቄት ወተት በአፉ ዞሮ የማያውቀው ቢሻው አመነ። አርባ ቀን ሙሉ ጠጣ። ክንዱም ፈረጠመ።

የውድድሩ ቀን ደምለው ብረቱን እስከ ደረቱ አድርሶ ጣለው። ቢሻው አነሳው... ምላሱም ያን ጊዜ አመለጠው።

ደምለው ዘሎ ተነሳ። «ሰማችሁ? በሁዳዴ! ይሄ ነው ሸሕዲን ወክሎ የሚሄደው?»

ሰዉ አጉረመረመ። ቢሻው ብረቱን መሬት ላይ ለቀቀው። አይከል የሚደርሰው ወሬ ማሸነፉ ሳይሆን መግደፉ ሊሆን ነው!

እትዬ ውባንች ነጠላቸውን እየሰበሰቡ መጡ።

«ልጁን ተዉት! የወተት የሆነው ቆርቆሮው ብቻ ነው። ውስጡ ሰሊጥ ነው። ወቅጬ፣ አጥልዬ፣ ስኳር ጨምሬ... በሁዳዴ ከእኔ ቤት ወተት አይወጣም!»

«ሰሊጥ?» አለ ቢሻው። «ያ በጀርባዬ ስሸከመው የምውለው ሰሊጥ?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

ደምለው ግን አልሳቀም። ቀስ ብሎ ተጠጋቸውና በጆሯቸው...

«እትዬ... የኔስ ቆርቆሮ?»

እትዬ ውባንች ድምፅ መቀነስ አያውቁበትም።

«ያው ነው እንጂ! አንተማ በቀን ሁለቴ አልነበር የምትጠጣው?»

ቢሻው ጎንደር ሄደ። አይከል ላይ እናቱ ክንዱን ይዛ «ምን እየበላህ ነው ልጄ?» አለችው።

«ሰሊጥ» አላት። እግዜር ይመስገን፣ ሳይዋሽ።

ወገኖቼ፣ በሰው ጾም ላይ ከመጮኻችን በፊት የራሳችንን ቆርቆሮ እንክፈት...

እስኪ ፍረዱ፦ ሁለቱም ወተት ነው ብለው ሰሊጥ ጠጡ። ጾመዋል ወይስ ገድፈዋል? ኮመንት ላይ እንገናኝ 👇