የግራ ዳሌው

እምቢ ያለውን ባሏን ወደ ክሊኒኩ ጎትታ ያመጣችው እሷ ናት። ወገቡን ከያዘው መንፈቅ አልፎታል፤ ጫማውን እንኳ አጎንብሳ ታስርለት ነበር።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሸሚዙን አስወልቃ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙራ አቆመችውና ሁለቱን የዳሌ አጥንቶቹን በአውራ ጣቶቿ ለካች።

«ግራው ከፍ ብሏል፤ ወገብዎን የሚያምዎት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን የማየው ልጅ ዳሌያቸው ላይ አስቀምጠው የሚውሉ እናቶች ላይ ነው። ልጁን ሲያቅፉ ጎን ይቀያይሩ።»

ሚስት ሳቀች። «እኛ እኮ ልጅ የለንም! በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያልተሳልንበት ደብር የለም።»

አብሯት የሳቀ አልነበረም። ባሏ ፊቱን አላዞረም፤ ጀርባው ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አለችው ሚስቱ፣ ቀስ ብላ።

«ሁለት ሊሞላት ነው።»